ማን አመጣው?

መጋቢት 2013 ዓ.ም. ነበር። በሠፈራችን አንድ አዛውንት ሞተው ድንኳን ተተክሏል። እኔ ሁለት ቀን ያህል ጉሮሮዬን እየከረከረኝ አልፎ አልፎም እያሳለኝ ነበር። ትኩሳት የለኝም፤ ምግብም ይበላልኛል። «ብርድ ነው» አልኩና ሄድኩ። ደግሞስ ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት እንዴት ይቻላል? አንድ ቀን ቢያስለኝ ብሎ ከለቅሶ የቀረን ሰው ሠፈር መቼ ይምረዋል? ድንኳኑ ውስጥ ከጎረቤታችን ከእማማ አጠገብ ቦታ አገኘሁ። የሠፈሩ ልጆች ሁሉ «እማማ» ነበር የምንላቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው የዕድሩ ጸሐፊ ብቻ ነው። አቅፈው ሳሙኝ። ጉንጬን በሁለት መዳፋቸው ይዘው፣ «ከሳህ ልጄ» አሉኝ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ እማማን አመማቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው የዕድሩ ድንኳን ለእሳቸው ተተከለ።

ከዚያ ቅዳሜ እስከዚያ ሐሙስ አምስት ቀን ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው የኮሮና ዝርያ ሰው ውስጥ ከገባ ጀምሮ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ የሚወስደው አምስት ቀን ያህል ነበር። ይህን ያነበብኩት እማማ ከተቀበሩ በኋላ ነው። እኔ አልተመረመርኩም፤ ሳሌም በሳምንቱ ለቀቀኝ። እሳቸው ግን ሆስፒታል ተመርምረው ስለነበር የገደላቸው በሽታ ምን እንደሆነ ጥርጥር የለውም። ጥርጥሩ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። ለመሆኑ ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ ወይ? እኔ ከሆንኩስ ሳላውቅ ያደረግሁት ነገር ጥፋት ይባላል ወይ? ጥፋት ካልሆነስ ታዲያ ከዚያ ወዲህ በበራቸው በኩል ማለፍ ለምን አቃተኝ?

ጋዜጠኝነት የተማርኩ ሰው ነኝ። ገና ከጅምሩ የሚያስለምዱን «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ» ብለን እንድንጠይቅ ነው። የወረርሽኝ ጥናት፣ ባለሙያዎቹ ኤፒዴሚዮሎጂ የሚሉት ሙያ፣ በዚህ ረገድ የእኛ ዘመድ መሆኑን ሳውቅ ገረመኝ። እሱም ሥራውን የሚጀምረው ማን ታመመ፣ የት ታመመ፣ መቼ ታመመ ብሎ ነው። ልዩነቱ ያለው «ማን» የምትለው ቃል ላይ ነው። ጋዜጠኛ «ማን» ሲል ስም ይፈልጋል። እነሱ «ማን» ሲሉ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሥራና ሠፈር ይፈልጋሉ። ከሺህ ሰው ስንቱ እንደሚያዝ ሊነግሩህ ይችላሉ፤ አንተን ያስያዘህ ማን እንደሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊነግሩህ አይችሉም። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይኸው ሊነግሩኝ የማይችሉት ነው።

የዚህ ሙያ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው ነው። በ1854 (የውጭ አገሩን ታሪክ ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለንደን ውስጥ ሶሆ በሚባለው ሠፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ስኖው ሟቾቹ ውሃ ከየት ይቀዱ እንደነበር ከቤት ቤት እየዞረ ጠየቀ። መልሱ በአብዛኛው አንድ ሆነ፤ ብሮድ ስትሪት ከሚባለው መንገድ ላይ ካለው የእጅ ፓምፕ። የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል ተደረገ። እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙም የማይነገረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል የአጥቢያው ቄስ ነገሩን እየተከታተለ ሲመረምር አንዲት እናት ላይ ደረሰ። ይህች ሴት ከፓምፑ አጠገብ ባለ ቤት የምትኖር ስትሆን፣ የታመመች ሕፃን ልጇን ጨርቅ እያጠበች እጣቢውን ቤቱ ሥር ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ትደፋው ነበር። የጉድጓዱ ግድግዳ አርጅቶ ስለነበር ፍሳሹ ወደሚጠጣው ውሃ ይሰርጋል። ሕፃኗም ሞተች።

ይህች እናት ያደረገችው ማንኛዋም እናት የምታደርገውን ነው። የሠፈሩን ሁሉ ሞት በእሷ ላይ የሚጽፍ ዳኛ ያለ አይመስለኝም። ሆኖም የወረርሽኙ መነሻ የሷ ደጃፍ መሆኑ ተጽፎ ይኖራል። ምክንያት መሆንና ጥፋተኛ መሆን ለየቅል ናቸው ማለት ነው። ይህን ነገር አእምሮዬ ወዲያው ተቀብሎታል። ልቤ ግን አልተቀበለውም፤ ምናልባት የሚቀጥለውን ታሪክ ስላነበብኩ ይሆናል።

ሜሪ ማሎን በ1869 አየርላንድ ውስጥ ተወለደች። ገና በልጅነቷ አሜሪካ ገብታ በኒው ዮርክ ሀብታሞች ቤት ወጥ ቤት ሆነች። እጇ የሚጣፍጥ ሴት እንደነበረች ይነገራል። በ1906 ክረምት አንድ የባንክ ባለቤት ቤተሰቡን ይዞ ኦይስተር ቤይ በሚባል የመዝናኛ ሥፍራ ቤት ተከራየ። በቤቱ ከነበሩት 11 ሰዎች 6ቱ በታይፎይድ ወደቁ። የቤቱ አከራይ ደግሞ ከዚህ በኋላ ቤቴን ማን ይከራየኛል ብሎ ጆርጅ ሶፐር የሚባል የንጽሕና መሐንዲስ ቀጠረ። ሶፐር ውሃውን መረመረ፤ ወተቱን መረመረ፤ ምንም አጣ። በመጨረሻ በሽታው ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት አዲስ ወጥ ቤት ተቀጥራ እንደነበር፣ አሁን ግን እንደሌለች ሰማ። ቀድሞ የሠራችባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ተከታተለ። ከስምንት ቤተሰቦች ሰባቱ ዘንድ ታይፎይድ ገብቶ ነበር። ሃያ ሁለት ሰው ታሟል፤ አንዲት ልጅ ሞታለች።

በ1907 ሶፐር ሜሪን በምትሠራበት ማድቤት አገኛት። «አንቺ ሰው እያስያዝሽ ነው፤ ሰገራሽን፣ ሽንትሽንና ደምሽን ለምርመራ ስጪ» አላት። የሥጋ መቁረጫውን ትልቅ ሹካ አንስታ አባረረችው።

እስቲ በእሷ ቦታ ሆነን እንየው። ጤነኛ ነሽ። በሕይወትሽ ታይፎይድ ይዞሽ እንደነበር አታስታውሺም። አንድ የማታውቂው ሰው እንጀራ የምትበዪበት ቦታ ድረስ መጥቶ፣ ያጎረስሽው ሰው ሁሉ በእጅሽ እንደታመመ ይነግርሻል። ሳይታመም በሽታ የሚሸከም ሰው መኖሩን ሳይንሱ ራሱ የተገነዘበው ገና ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ብዙ ሐኪም እንኳ በቅጡ አልተቀበለውም ነበር። ሐኪም ያልተቀበለውን ወጥ ቤት ልትቀበል ነው?

ከዚያ በኋላ የጤና ጥበቃ ቢሮው ጆሴፊን ቤከር የምትባል ሐኪም ከፖሊሶች ጋር ላከ። ሜሪ ለሰዓታት ተደብቃ ተያዘች፤ አምቡላንሱ ውስጥም እየታገለች ስላስቸገረች ሐኪሟ ሆስፒታል እስኪደርሱ ላይዋ ላይ ተቀምጣባት ሄደች። ሰገራዋ ተመረመረ፤ ባክቴሪያው ተገኘ። ኢስት ሪቨር ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ለብቻዋ አኖሯት። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከተደረጉት 163 ምርመራዎች በ120ው ባክቴሪያው ታየ። እሷ ግን ናሙናዋን በምስጢር ወደ አንድ የግል ላቦራቶሪ ትልክ ነበር፤ ከዚያ የሚመጣው ውጤት «የለም» የሚል ነው። አሁን ምክንያቱን እናውቃለን፤ ተሸካሚ ሰው ባክቴሪያውን አንድ ቀን ያወጣል፣ አንድ ቀን አያወጣም። ሜሪ ከሁለቱ ወረቀቶች የወደደችውን አመነች። ይህን ሳነብ «ብርድ ነው» ያልኩት ትዝ አለኝ።

በ1909 ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ተረታች። በ1910 አዲስ የጤና ኮሚሽነር ሲመጣ ዳግመኛ ምግብ ላታበስል ቃል አስገብቶ ለቀቃት። ልብስ አጣቢነት ሥራ ተገኘላት። ክፍያው ወጥ ቤት ሆና ታገኘው ከነበረው ያነሰ ነው። ጥቂት ከቆየች በኋላ ስሟን ለውጣ ጠፋች። በ1915 በኒው ዮርክ አንድ የወላዶች ሆስፒታል ውስጥ 25 ሰው በታይፎይድ ታመመ፤ ሁለቱ ሞቱ። ማድቤት ገብተው ሲያዩ «ሚስስ ብራውን» የምትባለው ወጥ ቤት ሜሪ ማሎን ሆና ተገኘች። ወደ ደሴቷ ተመለሰች። በ1938 እስክትሞት ድረስ ለ23 ዓመታት እዚያው ቆየች። ከሞተችም በኋላ ስሟ በእንግሊዝኛ የስድብ ያህል ሆኖ ቀርቷል።

እንግዲህ ፍርድ። የ1907ቷን ሜሪ ማንም ሊወቅሳት የሚችል አይመስለኝም፤ ከሶሆዋ እናት የምትለይበት ነገር የለም። የ1915ቷ ግን ሌላ ናት። ተነግሯታል፤ ቃል ገብታለች፤ ስሟን ለውጣለች። ስሙን የሚለውጥ ሰው ቢያንስ የሚደበቅ ነገር እንዳለ ያውቃል። እዚህ ላይ አላውቅም ነበር ማለት አይሠራም፤ አላመንኩም ነበር ማለት ብቻ ነው የሚቀራት። ለማወቅ አለመፈለግ ደግሞ ካለማወቅ ጋር አንድ አይደለም። አርስቶትል እንኳ ሰክሮ ያጠፋን ሰው «አላወቅሁም» ቢል አይሰማውም፤ አለማወቁን ራሱ ነው ያመጣው ይላል።

ይሁን እንጂ ፍርዱን እዚያ ላይ ዘግቼ መነሣት አልሆነልኝም። ጁዲት ሌቪት የሚባሉ አሜሪካዊት የታሪክ ምሁር በ1996 ባወጡት መጽሐፍ እንደሚተርኩት፣ ታይፎይድ ተሸካሚ ሆና የተገኘችው ሜሪ ብቻ አልነበረችም። እሷ እስክትሞት ድረስ በኒው ዮርክ ከተማ ብቻ ከ400 በላይ ጤነኛ ተሸካሚዎች ተመዝግበዋል። እንደሷ ዕድሜ ልኩን የታሰረ የለም። ትእዛዝ ጥሶ ምግብ ሲነካ የተገኘ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፤ ዳኛው ጥፋተኛ ካለው በኋላ ቅጣቱን አግዶ ለቀቀው። ሰውዬው ንብረት ያለው ወንድ ነው። ሜሪ ባል የሌላት፣ ልጅ የሌላት፣ ስደተኛ ገረድ ነበረች። አስቀድሞ በሌላ ነገር የተገለለን ሰው ማግለል ምንኛ ይቀላል!

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። አንድን ወጥ ቤት «ከእንግዲህ ድስት እንዳትነኪ» ማለት ቀላል ነው። ግን ይህ መሥዋዕትነት የሚከፈለው ለማን ነው? ለከተማው ሁሉ ነው። ከተማው ሁሉ ዳነ፤ እንጀራዋን ያጣችው ግን አንዷ ብቻ ናት። ለጋራ ደኅንነት ሲባል አንዱን «ቁም» የሚል ማኅበረሰብ ቆሞ የሚበላውን የመስጠት ዕዳ ያለበት ይመስለኛል። ኒው ዮርክ ይህን ዕዳ በቅጡ አልከፈለችም። ስለዚህ የ1915ቱን ሁለት ሟቾች ደም ለሜሪ ብቻ ማሸከም አይሆንልኝም። በ2012 ዓ.ም. እኛም «ቤታችሁ ተቀመጡ» ሲባል የቀን ሠራተኛው ምን ይብላ የሚለውን ጥያቄ ስንቶቻችን እንዳሰብንበት አስታውሳለሁ፤ ብዙ አልነበርንም።

ብሉይ ኪዳን ይህን ነገር ከብዙ ዘመን በፊት አስቦበታል። ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ደም መላሽ እንዳያገኘው የሚሸሽባቸው ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ተለይተው ነበር። ይህ ሕግ ሁልጊዜ የሚገርመኝ በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰውዬው ሳያውቅ በመግደሉ አይሞትም። ሁለተኛ፣ ሳያውቅ ስለሆነ ምንም አልሆነም ተብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት እዚያው ይቆያል። ነፃም አይደለም፣ ወንጀለኛም አይደለም። የመማፀኛ ከተማዋ ግን ከተማ ናት፤ ሰው ሠርቶ የሚኖርባት። የሜሪ ደሴት ይህን አትመስልም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1976 ያነሣው አንድ ምሳሌም አለ። አንድ የጭነት መኪና ነጂ ያለ አንዳች ጥፋቱ ሕፃን ልጅ ይገጫል። ሁላችንም «ያንተ ጥፋት አይደለም» እንለዋለን፤ ማለትም ተገቢ ነው። ነገር ግን ነጂው ወዲያውኑ «እውነታችሁን ነው» ብሎ መኪናውን አስነሥቶ ቢሄድ ሁላችንም እንደነግጣለን። ዊልያምስ ይህን ጸጸት ካልታደለ ተመልካች ኀዘን ይለየዋል፤ የራስ እጅ ያለበት ጸጸት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው በእማማ በር ማለፍ ለምን እንዳቃተኝ ትንሽ የገባኝ።

የወረርሽኝ ሰዎች አንድ ቁጥር አላቸው። አንድ በሽተኛ በአማካይ ለስንት ሰው ያስተላልፋል? ቁጥሩ ከአንድ ከበለጠ በሽታው ይስፋፋል፤ ከአንድ ካነሰ ውሎ አድሮ ይጠፋል። ኩፍኝ መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል አንዱ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል ይባላል። ግን አማካይ ማለት አታላይ ነገር ነው። በኮሮና ጊዜ እንደታየው አብዛኛው በሽተኛ ለማንም አያስተላልፍም ወይም ለአንድ ሰው ብቻ ያስተላልፋል፤ ጥቂቶች ደግሞ ባጋጣሚ አንድ የታፈነ አዳራሽ ውስጥ ገብተው ለብዙዎች ያድላሉ። ሁለት ሰዎች እኩል ቸልተኞች ሆነው አንዱ ማንንም ሳይጎዳ ቤቱ ሊገባ፣ ሌላው አሥር ቤት ሊያፈርስ ይችላል። ስሙ የሚጠፋው የሁለተኛው ነው። በዚያ መጋቢት እያሳለው ድንኳን የገባ እኔ ብቻ ነበርኩ? ሌሎቹ አሁን ምን ያስቡ ይሆን? ምንም አያስቡም፤ ከአጠገባቸው የተቀመጠው ሰው አልሞተማ!

ሁለተኛ ወጥ ቤት አለ፤ ስለ ሜሪ በጻፍኩ ቁጥር የማስታውሰው እሱን ነው። ዓሊ ማው ማሊን ይባላል። በደቡብ ሶማሊያ መርካ በምትባል ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት ነበር። ያን ጊዜ ፈንጣጣ ከዓለም እየጠፋ፣ በእኛ ቀንድ ብቻ ተከማችቶ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 በደቡብ ምሥራቁ በረሃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሶማሊያ ውስጥ ብቻ ነበር። በጥቅምት 1977 ሁለት ፈንጣጣ የያዛቸው ሕፃናት የጫነ መኪና የለይቶ ማቆያውን ቦታ ፍለጋ መርካ ሆስፒታል ደረሰ። ዓሊ መንገዱን ላሳያችሁ ብሎ ዘሎ ገባ። የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ዓሊ በክትባት ዘመቻው የሠራ ሰው ሳለ እሱ ራሱ አልተከተበም፤ መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ እንደነበር በኋላ ተናግሯል።

ያዘው። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ጉድፍ ነው ተባለ። ወዳጆቹ እየመጡ ጠየቁት፤ እንደኛው አገር ነዋ፣ በሽተኛ ሳይጠየቅ አይተኛም። ፈንጣጣ መሆኑ ሲታወቅ ያገኛቸው ሰዎች ሁሉ፣ ከ160 በላይ ናቸው፣ ተፈልገው ተገኙ፤ በከተማዋና ባካባቢዋ ከ50,000 በላይ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከተበ። ከዓሊ ወደ ሌላ ሰው የተላለፈ አልተገኘም። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው እሱ ሆነ።

ሜሪና ዓሊ በአንድ ነገር እኩል ናቸው፤ ሁለቱም የተነገራቸውን ነገር ለራሳቸው ሳይሆን ቀርቷል። እንዲያውም ዓሊ ይብሳል፤ ሌላውን እያስከተበ ነው እሱ የሸሸው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። ዙሪያው የነበረው ሰው በፍጥነት ተከተበ፤ ስለዚህ ስህተቱ ሰው ሳይገድል ቀረ። እሱም አልተደበቀም። በኋለኛው ዘመኑ በፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ተሰልፎ፣ ልጆቻቸውን ማስከተብ ለፈሩ ወላጆች «እኔም ፈርቼ ነበር» እያለ የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር። በ2013 ፖሊዮ ተመልሶ ሲነሣ በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ወባ ይዞት ሞተ።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ሌሎቹ ስፈርድ ቆይቼ ስለራሴ ዝም ብል ደስ አይልም። ራሴን ለረጅም ጊዜ ከሶሆዋ እናት ጎን አሰልፌው ነበር። አልነበረም። ከዚያ ለቅሶ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ስልክ በደወልኩ ቁጥር ጥሪው ከመግባቱ በፊት ስለ ኮሮና ሲነገረኝ ቆይቷል። አለማወቄ አይደለም። ለቅሶ መቅረት ስላፈረኝ፣ ሳሉን «ብርድ» ብዬ ስም አወጣሁለት። ሜሪ የራሷን ስም ለወጠች፤ እኔ የሳሌን። ያመጣሁት እኔ መሆኔን ማንም አያውቅም፤ ወደፊትም የሚያውቅ የለም። ግን ጥፋቴ እማማ በመሞታቸው የተፈጠረ አይደለም፤ እሳቸው ዛሬ በሕይወት ቢኖሩም ያቺ «ብርድ ነው» ያልኩባት ቅጽበት ያው ነች። የሚለየው እኔ የምረሳት መሆኑ ብቻ ነው።

የሙት ዓመታቸው ዕለት አልሄድኩም፤ ከከተማ ወጣሁ ብዬ ዋሸሁ። ባለፈው ዓመት ልጃቸው፣ አብረን ያደግን ነን፣ በር ላይ ያዘችኝ። «አንተ፣ ምን በደልንህ? እናቴ ከሞተች ወዲህ እግርህን አጠፋህብን» አለችኝ። ገባሁ። ቡና እየፈላ ነበር። የእማማ ወንበር ያለቦታው ተቀምጧል። የቅዳሜውን ነገር ሳላሳምር ነገርኳት፤ ሳሉን፣ መሳሳማችንን፣ አምስቱን ቀን።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አወረደችና አጋድማ አስቀመጠችው።

«እኔንም ያስለኝ ነበር» አለች። «ከለቅሶው በፊት፣ ማክሰኞ ነው የጀመረኝ። እኔ ደግሞ አብሬያት ነው የምተኛው። ለማንም አልነገርኩም።»

ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅሁም። እሷም እንድናገር የጠበቀች አትመስልም። ሲኒዎቹን አሰለፈች፤ ቀዳች፤ የመጀመሪያውን አንሥታ ወደኔ ልትዘረጋ ስትል ቆም አለች።

«ስኳር ስንት ነበር የምታደርገው? ረሳሁት።»